ምን ጎደለኝ ይሏት ነበር

«ፈገግ በይ ቤዚ! ለቅሶ ቤት አይደለም የምትሄጂው!»

ዳይሬክተሩ ዘርአ ዳዊት ከካሜራው ጀርባ ይጮኻል። ልጄ ቤዚ እንስራ በገመድ አዝላ የአንኮበርን ዳገት ለአራተኛ ጊዜ ትወጣለች። እንስራው ባዶ ነው። ቀሚሷን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ነጭ ይሁን ብለው አዘዙኝ፣ እንደ ጥምቀት ልብስ ነጭ አድርጌ ሰፋሁት። የድሮ ዘመን ውሃ ቀጂ እንዲህ የምትለብስ ከነበረማ እኔም ንግሥት ነኝ።

ፊልሙ የአንድ ደጃዝማች የፍቅር ታሪክ ነው። ደጃዝማቹ ከዘመቻ ሲመለስ ከበቅሎው ሳይወርድ ውሃ ቀጂዋን ይጠራታል፤ እሷም «አቤት ጌታዬ!» ብላ እየሳቀች ታጠጣዋለች። ቤቱ በአገልጋይ የተሞላ ነው፣ ሁሉም ይዘፍናል። ባሪያ ግን አንድም የለም። ቤዚ ጽሑፉን ስታነብልኝ ሁለት ጊዜ ጠይቄያታለሁ፤ የለም።

በቅሎዋ የጋሽ ወልደአረጋይ ናት። ለቀረጻው ያመጧት እሳቸው ናቸው፤ ልጃቸው አንተነህ ልጓሟን ይዞ ቆሟል። እሁድ ጋሽ ወልደአረጋይ ቤዚን ለአንተነህ ሊጠይቁ ሽማግሌ ይዘው ቤቴ ይመጣሉ። ሽማግሌ ሲመጣ ደግሞ ዘር ይቆጠራል፤ የማን ልጅ፣ የማን የልጅ ልጅ እየተባለ እስከ ሰባት ቤት ይኬዳል። እኔ በእናቴ በኩል አያቴ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ሳል ይይዘኛል።

ዘርአ ዳዊት ጽሑፉን እያገላበጠ ወደ እኔ ይመጣል። «እትዬ ፋንቱ፣ ደጃዝማቹ ውሃ ቀጂዋን ጽጌ ብሎ ሲጠራት አልጣመኝም። እርስዎ የአገሩ ሰው ነዎት። ድሮ እንዲህ ያለችውን ልጅ ማን ብለው ነበር የሚጠሯት?»

ያ ሳል ጉሮሮዬ ላይ ይደርሳል። ቤዚን አያታለሁ። የማስልበትን ምክንያት የነገርኩት ለእሷ ብቻ ነው።

«ንገሪው እማ» ትለኛለች፣ እንስራዋን እንዳዘለች። «እሁድ ከመምጣታቸው በፊት ይስሙት። ተደብቄ አላገባም።»

እንዲህ ያለች ልጅ ወልዶ ማፈር ነውር ነው። ሳሌን እውጠዋለሁ።

«ጽጌ አይሏትም» እላለሁ፣ ጋሽ ወልደአረጋይ ከቆሙበት እንዲሰሙኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «አያቴ በዚሁ ዳገት ለአንድ ጌታ ውሃ ስትቀዳ ነው የኖረችው። አገልጋይ አልነበረችም፣ ባሪያ ነበረች። በሰባት ዓመቷ ከእናቷ እቅፍ ነጥቀው ሸጧት። ጌታዋ እናቷ ያወጣችላትን ስም ጣለና ‹ምን ጎደለኝ› አላት። ‹ምን ጎደለኝ!› ብሎ ሲጣራ ካለችበት ሆና ‹ምንም፣ ጌታዬ!› ማለት አለባት። ሌላ መልስ አይፈቀድላትም። በቀን ሃያ ጊዜ ምንም እንዳልጎደለው ስትነግረው ኖረች።»

ሜካፕ የምትቀባዋ ልጅ ብሩሿን እንደያዘች ቀርታለች።

«እናቷ ያወጣችላትስ ስም?» ይላል ዘርአ ዳዊት ቀስ ብሎ።

«ረስታው ሞተች።»

ጋሽ ወልደአረጋይ መጥተው ልጓሙን ከአንተነህ እጅ ይቀበላሉ። «በቅሎዋ ደክሟታል» ይላሉ፣ እኔን ሳያዩ። ጠዋቱን ሙሉ ሣር ስትግጥ የዋለች በቅሎ! ከዚያ ቁልቁለቱን ይዘዋት ይወርዳሉ።

«ጋሼ! ኧረ ቀረጻ ላይ ነን!» ዘርአ ዳዊት ራሱን ይይዛል። «አሁን ደጃዝማቹ በምን ይምጣ?»

«እግር አለው» እለዋለሁ። «እንስራውም ውስጥ ውሃ ሙሉበት።»

ትንሽ ያስባል። ሊቆጣኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ጽሑፉን አጥፎ ኪሱ ይከተዋል። «ሙሉበት» ይላል።

ቤዚ ከታች ትነሳለች። ውሃ የሞላ እንስራ ያጎብጣል፤ ፈገግታው ማንም ሳያዝዘው ጠፍቷል። እንዲዘፍኑ የታዘዙት ሴቶች አንዳቸውም አፋቸውን አልከፈቱም። ደጃዝማቹ አቧራ ለብሶ በእግሩ ይመጣና ይጣራል።

«ምን ጎደለኝ!»

«ምንም፣ ጌታዬ!» ትላለች ልጄ፣ ትንፋሽ አጥሯት።

እንባዬ ይመጣል። ያፈርኩ መስሏቸው አንዳንዶቹ ፊታቸውን ያዞሩልኛል። አላፈርኩም። ተናድጄአለሁ፣ ኮርቻለሁም። አያቴን በሳል ስሸፍን የኖርኩትን ዘመን ሁሉ አስቤ ነው የማለቅሰው።

ዘርአ ዳዊት ካሜራውን ማስቆሙን ረስቷል። ከታች፣ ከመታጠፊያው፣ የጋሽ ወልደአረጋይ ድምፅ ይመጣል።

«አንተነህ!»

«አቤት አባባ!»

«ና እንሂድ እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?»

«አቤት!» ይላል አንተነህ እንደገና። አባቱ ጠርተውት አቤት ሳይል ቀርቶ አያውቅም። ግን ወደ እሳቸው አይወርድም። ወደ ዳገቱ ይወጣና ከቤዚ ኋላ ቆሞ እንስራውን በሁለት እጁ ከሥሩ ይደግፈዋል።

«ገመዱን ፍቺው» ይላታል። «ይዤዋለሁ።»