ወላጅ አምጪ

የሥነ ምግባር መምህሩ ውሸት በምንም ምክንያት አይፈቀድም ብሎ ሲያስተምር ልጅቷ እጇን አወጣች።

«ነፍሰ ገዳይ መጥቶ ወንድምሽ የት ተደበቀ ቢለኝስ፣ ቲቸር?»

«እውነቱን ትነግሪዋለሽ።»

«ከዚያ ለቅሶ ይደርሱኛል?»

ተማሪው በሳቅ አውካካ። መምህሩ ወላጅ ሳታመጪ እንዳትገቢ ብሎ አባረራት።

አባቷ ይህን ቢሰማ ትምህርቷ በዚያው ያበቃል፤ ከትምህርት ቤት የሚያስቀርበት ሰበብ ሲፈልግ ነው የከረመው። ስለዚህ በማግስቱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሎተሪ የሚያዞሩትን ጋሽ ድንበሩን ለምና፣ አባቴ ናቸው ብላ ይዛቸው ገባች። ሰውዬው ለሥራቸው አይታሙም። ኮት ለብሰው መጡ፤ ገና ቢሮው ውስጥ እግራቸው ሲገባ «አንቺ ባለጌ! እንዲህ ነው ያሳደግኩሽ?» ብለው ኩርኩም አቀመሷት። ከእውነተኛው አባቷ ኩርኩም የባሰ ያማል።

መምህሩ ሰውዬውን ትክ ብሎ አያቸውና «አንቺ ውጪ ጠብቂ» አላት። ወጥታ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች።

«ጋሼ፣ ባለፈው ሳምንት የሌላ ተማሪ አባት ነበሩ» ሲል ሰማችው።

አለቀልኝ አለች።

«ግድ የለም፣ ልጅቷ ክፍል ትግባ» አለ መምህሩ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ ግን ላስቸግርዎ። ጤና ጣቢያ ያለችውን ነርስ ላገባ፣ እሁድ ቤተሰቦቿ ጋ ሽማግሌ እልካለሁ። አባቴ ጡረታ የወጣ ዳኛ ነው ብያታለሁ። አባቴ ሆነው ሽማግሌዎቹን ቢመሩልኝ?»

ጋሽ ድንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እሁድ እንኳ አይሆንልኝም፣ ልጄ» አሉ። «የነርሷ አባት ሆኜ ሽማግሌዎችህን እንድቀበል እሷ ቀድማ ለምናኛለች።»