ዘጠና አራት ከመቶ

«ጣቱን ቁጠር አልኩህ!» ቫልዴሊሴ የፖሊስ ጣቢያውን ባንኮኒ በመዳፏ ደበደበችው። «የኮስሜ የግራ እጅ ትንሿ ጣት የለችም፤ የሸንኮራ መጭመቂያ በልቷታል። እዚያ ውስጥ ያጎራችሁት ልጄ ግን አሥሩም ጣቱ አለ። እስከ አሥር መቁጠር ያቅትሃል?»

ሳጅን ኤድቫን ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ላይ አላነሳም። «ማሽኑ ጣት አያይም፣ እማማ። የሚያየው ፊት ነው። ዘጠና አራት ከመቶ ኮስሜ ነው ብሏል።»

«መንታ ናቸው እኮ፣ አንተ! ዘጠና አራቱን የወለድኩት እኔ ነኝ!»

ጠዋት ዳሚያኦ ቀዝቃዛ መጠጥ ሊሸጥ የበረዶ ሳጥኑን ተሸክሞ ወደ ሳልቫዶር ከተማ የካርኒቫል ጭፈራ ሲገባ፣ በሩ ላይ የተሰቀለው ካሜራ ፊቱን አየና ጮኸ። አራት ፖሊሶች አስፋልት ላይ ደፉት። የእስር ማዘዣ የወጣበት ግን ወንድሙ ኮስሜ ነው። ኮስሜ ደግሞ ከአራት ዓመት በፊት፣ ስማቸው በወጣላቸው በመንትዮቹ ቅዱሳን በዓል ቀን፣ ሰሌዳ የሌላት ግራጫ መኪና ከደጃፉ አፍሳው ከሄደች ወዲህ የበላው ጅብ አልጮኸም።

አሥር ሰዓት ላይ ዳሚያኦን ወደ ትልቁ እስር ቤት ሊወስዱት ነው። እዚያ የኮስሜን ደም የሚፈልጉ ሰዎች አሉ፤ እነሱም እንደ ማሽኑ ናቸው፣ ጣት አይቆጥሩም። ልጁ እዚያ ከገባ በሕይወት አያድርም። ይህን ቫልዴሊሴም ታውቃለች፣ ሳጅኑም ያውቃል። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ዘጠኝ ተኩል ይላል።

«የጣት አሻራውስ?»

«ውጤቱ ሰኞ ነው።»

«ሰኞማ ለቀብር ነው የምትጠራኝ!»

«እንግዲያው ይሄ ኮስሜ አይደለም፣ ኮስሜ ሞቷል የምትይ ከሆነ የሞት ወረቀቱን አምጪ» አለ ኤድቫን እያዛጋ። «መዝገባችን ላይ በሕይወት ያለ ሰው ነው።»

አራት ዓመት ሙሉ በዚሁ ባንኮኒ ፊት ቆማ ልጄን የት አደረሳችሁት ስትል፣ «ሸሽቶ ይሆናል፣ ሴት ተከትሎ ይሆናል» እያለ ሲመልሳት የኖረው ይኸው ሰው ነው። ሬሳ የለም፣ መቃብር የለም፣ ወረቀት የለም። አሁን ደግሞ እነሱ ያጠፉትን ልጅ መሞቱን እሷ ታስመስክር! ወይ ጉድ!

«አንተ ኤድቫን» አለችው። «ልጅ ሳለህ፣ በቅዱሳኑ ቀን፣ ቤቴ ምንጣፍ ላይ እንደ ወጉ ቀድመው ከሚበሉት ሰባት ሕፃናት ጋር ተቀምጠህ ባሚያዬን በእጅህ ስትዝቅ፣ መንትዮቹ በግራና በቀኝህ ነበሩ። ያኔ የቱ የቱ እንደሆነ ጠንቅቀህ ትለይ ነበር። ዩኒፎርሙ ነው ያሳወረህ?»

የኤድቫን ፊት ተለዋወጠ። ደረቱ ላይ የተሰካችውን የክብሪት ቀፎ የምታክል ካሜራ በጣቱ መታ መታ አደረጋት፤ ቀይ መብራቷ በርቷል። አዲስ ደንብ ነው፣ ሥራ ላይ ሳሉ አትጠፋም። «ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ። የምትናገሪው ሁሉ እየተቀረጸ ነው። አንዲት ስድብ ብትጨምሪ አንቺንም ከልጅሽ ጎን እወረውርሻለሁ። ማስረጃው ይኸው።»

ከኋላ ወረፋ ከያዙት አንዲት ዓሣ ሻጭ «ወንድ ነው እንግዲህ! ከእናት ጋር ገጠመ» ብላ አሽሟጠጠች።

ቫልዴሊሴ ካሜራዋን ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ሻሿን አስተካከለች፣ ድምፅዋንም እንደተባለችው ዝቅ አደረገች።

«እሺ። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ኮስሜ ነው።»

«ምን?»

«ማሽኑ ከእናት ይበልጣል፣ ምን አደርጋለሁ! ልጄ ተገኘልኝ፣ እልል ልበል እንጂ። አምጣ፣ እፈርማለሁ። ብቻ አሁኑኑ ዓቃቤ ሕግ ጥራልኝ። ለካርኒቫሉ ብለው ውጭ የፈሰሱትን ጋዜጠኞችም ጥራልኝ። ኮስሜ በሕይወት ካለ ያቺን ግራጫ መኪና ማን እንደነዳት ይናገራላ! ከኋላ ወንበር ላይ ማን አንገቱን እንደያዘው ይናገራል። አራት ዓመት የት እንዳስቀመጣችሁት ይናገራል። ስም በስም ይናገራል፣ ኤድቫን።»

ኤድቫን ብድግ ሲል ወንበሩ ከኋላው ወደቀ።

«ምኑን ነው የሚናገረው! ሬሳ ይናገራል እንዴ?»

ወረፋ የያዙት ሁሉ ወደ ባንኮኒው ተጠጉ።

ቫልዴሊሴ ባንኮኒውን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። ይህንኑ ነበር የፈለገችው። ለዳሚያኦ ስትል አፉን ልታስከፍተው ነው ነገር የጎነጎነችው። ግን በየመስከረሙ፣ በቅዱሳኑ ቀን፣ ባሚያውን ስትሠራ ለኮስሜ አንድ ሳህን ከድና ታስቀምጥ ነበር። ዘንድሮም ከድናለች። ጎረቤቱ ሁሉ እያየ ዝም ይላታል እንጂ፣ «ሬሳ» የሚለውን ቃል እስከ ዛሬ ከማንም አፍ አልሰማችም።

«እንግዲያው እዚያ ውስጥ ያለው ዳሚያኦ ነው» አለች። «ፍታው።»

«እኔ… እንዲያው ስናደድ አምልጦኝ…»

«ሁላችንም ሰምተናል» አለች ዓሣ ሻጯ።

ኤድቫን ወረፋውን አየ፣ የሴትዮዋን ፊት አየ። «እትዬ ቫልዴ» አላት፣ በልጅነቱ ይጠራት እንደነበረው። ከዚያ ቀስ ብሎ የቁልፉን ዘለላ ከመሳቢያው አወጣ።

«እሱን ከፈታህልኝ በኋላ ደግሞ አንድ ነገር ትነግረኛለህ» አለች፣ ባንኮኒው ላይ ወደ ደረቱ ካሜራ እያዘነበለች። «ኮስሜን የት ነው የቀበራችሁት?»

እጁ ብድግ ብሎ ካሜራዋን ሸፈናት። ቀይዋ መብራት በጣቶቹ መሃል እየታየች ነበር።