መስኮቱ ዳር የተቀመጠው ሰው

የኮፐንሃገን ጋዜጣ የእሷን ቤት ከከተማዋ ተወዳጅ ምግብ ቤቶች አንዱ ብሎ በጻፈ በሳምንቱ፣ የቀድሞ ባሏ በፈቃዱ ከአዲሷ ሚስቱ ጋር ገብቶ መስኮቱ ዳር ተቀመጠ። ቤቱ የማን እንደሆነ አላወቀም። ከስድስት ዓመት በፊት በበረዶ ከነሻንጣዋ ሲያባርራት፣ «ያለ እኔ አንድ ቀን አታድሪም!» ብሏት ነበር።

ከወጥ ቤቱ በር ኋላ ቆማ አየችው። ይህን ቀን ስትመኝ ነው የኖረችው። ያደረሰባትን ሁሉ በሰው ፊት ተናግራ ልታዋርደው ሽርጧን ፈታች።

በሩን ሳትገፋው ሚስትየው ቀድማት ገባች።

«ማን እንደሆንሽ አውቃለሁ። ፎቶሽን እቤት አይቼዋለሁ፤ ጋዜጣው ላይ ሳይሽ ጊዜ ነው እዚህ እንብላ ያልኩት» አለችና እጅጌዋን ሰበሰበች። ክንዷ በልዟል። «እባክሽ እህቴ፣ ወደ እሱ አትመልሺኝ።»

የራሷን ክንድ ያየች መሰላት። ሽርጧን ልጅቷን አስታጠቀቻትና አንድ ሰሃን ብቻ ይዛ ወጣች።

በፈቃዱ ቀና ብሎ ሲያያት ፊቱ ተለዋወጠ።

«ሚስቴስ?» አለ።

«ሥራ ጀምራለች» አለችው፣ ሰሃኑን ፊቱ እያስቀመጠች።