«ጉንፋን ነው» ያሉት አያት

«አፏን በግድ ክፈትና እይ!»

ዶክተር ታረቀኝ ነው። ሁለታችንም የሕፃናት ሕክምና ስፔሻሊቲ እየተማርን ለልምምድ ቆቦ ሆስፒታል ተመድበናል።

«አልከፍትም» አልኩት።

ሕፃኗ ኢስራ እናቷ ራቢዓ ጭን ላይ አንገቷን አስግጋ ተቀምጣለች... ለሃጯ ይወርዳል... በተነፈሰች ቁጥር ጉሮሮዋ ያፏጫል።

በግድ ብንነካካት የቀረችውም ጠባብ የአየር ቀዳዳ ልትዘጋ ትችላለች። ምን እንደሆነች ካላወቅን ደግሞ በጭፍን ነው የምንሠራው።

ታረቀኝ ወደ ራቢዓ ዞረ።

«ምን አድርጋችኋት ነው? ተናገሪ እንጂ! አንቺም እናት ነሽ?»

ራቢዓ አማቷን አየች።

«ጉንፋን ነው» አሉ አማቷ፣ ወይዘሮ ሙሚና። «የአገራችንን የጎብዬን ነፋስ አታውቁትም።»

«ጉንፋን እንዲህ አያደርግም!»

«እንግዲህ ዶክተሩ አንተ!»

የኢስራ ከንፈር መጥቆር ጀመረ...

ታረቀኝን የሰመመን ባለሙያውን እንዲጠራ ላክሁት። ኦክስጅኑን ለራቢዓ አስያዝኳት። ከዚያ ወይዘሮ ሙሚና ፊት ተንበርክኬ አፌን ከፈትኩ።

«እስቲ ይዩኝ፣ እናቴ።»

ጎንበስ ብለው አዩ።

«ያ ረቢ! እንጥልህ የት ሄደ?»

«እዚሁ ቅርብ፣ ሮቢት ነው ያደግኩት። በልጅነቴ በምላጭ ተቆረጠ።»

ፊታቸው በራ።

«ይኸዋ! ታዲያ ምን ሆንክ? ዶክተር ሆነህ የለም ወይ!»

«መንታ እህት ነበረችኝ። እሷም በዚያው ቀን፣ በዚያው ምላጭ ተቆረጠች።»

«እሷስ?»



«ጉሮሮዋ ሲያብጥ እናቴ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት» አልኩ። «እንዳይቆጧት ፈርታ... ጉንፋን ነው አለቻቸው።»

ወይዘሮ ሙሚና በሻሻቸው አፋቸውን ያዙ።

«ትናንት ነው... እኔ ነኝ ያስቆረጥኳት። ራቢዓን እንዳትቆጧት፤ እሷ እምቢ ብላኝ ነበር።»

አሁን የምንሠራውን አወቅን።

ባለሙያው መተንፈሻ ቱቦ አስገባላት፤ የቁስሉ መድኃኒት ተጀመረ። እኔ ግን ቱቦው እስኪወጣ እንቅልፍ አልነበረኝም። ቢዘጋስ? ዘግይተን ቢሆንስ?

ቱቦው ሲወጣ ኢስራ መጀመሪያ ድምፅ አጣች... ከዚያ በቁጣ አለቀሰች።

«ትጩኽ! ተዋት ትጩኽ!» አሉ ወይዘሮ ሙሚና፣ ራሳቸውም እያለቀሱ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«የእህትህ ስም ማን ነበር?»

ነገርኳቸው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ስሟን ጮክ ብዬ ስጠራው የመጀመሪያዬ ነው።

ወገኖቼ... እንጥል አታስቆርጡ፤ ሕፃን ይገድላል። እኛም ሐኪሞች እንወቅ፤ የጮኽንበት ሰው እውነቱን ይውጠዋል። ዋጋውን የሚከፍለው ልጁ ነው።

እናንተስ... ቁጣ ፈርታችሁ ከሐኪም የደበቃችሁት ነገር አለ? ያኔ ምን ቢባል ኖሮ ትናገሩ ነበር?