ከመስኮት የመጣ ብርሃን

በሐይቅ ዳር ባለው በሆማ ቤይ ክሊኒክ መብራት ሲጠፋ የላብራቶሪ ባለሙያዋ ሮዝሊን ማይክሮስኮፑን ወደ መስኮቱ ታስጠጋዋለች። ከሥሩ ያለችው መስተዋት የሐይቁን ሰማይ ብርሃን ተቀብላ ለምርመራ ወደተቀባው ደም ትልካለች። መስተዋቷ በደንብ ካልተስተካከለች የመስኮቱ ፍርግርግ ብረት ደሙ ላይ ይታያል፤ ያኔ ትንሽ ዘንበል ማድረግ ነው።

የዛሬው ደም የልጇ የአዊኖ ነው። ልጅቷ የተወጋ ጣቷን በጥጥ ይዛ፣ በትኩሳት እየነደደች አጠገቧ ተቀምጣለች።

«በእጅ ባትሪ አታዪውም?» አላት የክሊኒኩ ነርስ ኦዱዎር ከበሩ።

«የባትሪ ብርሃን ቢጫ ነው፤ ወባውን ይደብቅብኛል።»

«የአዊኖ እናት፣ አንቺ እኮ ልጅሽን ሳትሞት ነው የምትቀብሪያት» ብሎ ስቆ ሄደ።

ሮዝሊን አጎንብሳ አየች። ፍርግርጉ ታያት። ከብረቱ ወዲያ አንዲት ልጅ ጣቷን በጥጥ ይዛ ቆማለች። ቀና ብላ መስኮቱን ብታይ ማንም የለም። መስተዋቷን አዘነበለቻት፤ ብረቱ ጠፋ፣ ልጅቷ ግን እዚያው ነበረች።

ተነስታ የመስኮቱን መዝጊያ ዘጋችው። ክፍሉ ጨለመ። በዳበሳ የልጇን እጅ ፈልጋ ያዘች። እጇ ቀዝቅዟል። ሌሊቱን ሙሉ እግዚአብሔርን የለመነችው ይህንኑ ነበር፤ ትኩሳቱ ለቋታል።

ተመስገን ልትል አፏን ስትከፍት መዝጊያው ከውጭ ተንኳኳ።

«ማማ፣ አቃጠለኝ» አለች አዊኖ ከደጅ። «ክፈቺልኝ።»