አርባ ሰከንድ

ታብሌቱ አናጺው ገና እየሠሩት የነበረውን ጥያቄ ድንገት ከስክሪኑ አጠፋና ሦስት ብርቱካንና ሁለት ብርቱካን ስንት እንደሚሆን ጠየቃቸው።

«ምነው፣ ናቀችኝ እንዴ ይቺ ዕቃ?» አሉ አናጺው። የጎልማሶች ትምህርት ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

የታብሌቱን የማስተማሪያ ፕሮግራም የሠራችው ተመራማሪ ግን አልሳቀችም። ከጎኗ የቆሙት፣ ፕሮግራሙን ሊገመግም የመጣው ቡድን ሰብሳቢ የማጽደቂያውን ቅጽ ሊፈርሙ እስክሪብቶ አውጥተዋል። ከፈረሙ የስድስት ዓመት ልፋቷ በየትምህርት ቤቱ ይገባል።

«ጎበዝ ነሽ ልጄ» አሏት ሰብሳቢው። «ሰውየው እንዳልገባቸው አውቆ ቀለል አደረገላቸው። ለየሰው እንደ አቅሙ ማለት ይሄ አይደል?»

ዝም ብትል ያልቅ ነበር። እሷ ግን የአናጺውን ወረቀት አየች። ሁለት ሜትር ተኩል ጣውላ ለአራት ሲካፈል ስልሳ ሁለት ሴንቲ ተኩል ብለው ጽፈዋል፤ ከሥሩ ደግሞ በሌላ መንገድ እንደገና እያሰሉት ነበር።

«መልሱን ካገኙት በኋላ ለምን እንደገና ያሰላሉ፣ አባባ?»

«ቆርጬው ቢያጥር ማን ይቀጥልልኛል?»

ተመራማሪዋ ወደ ሰብሳቢው ዞረች። «ገብቷቸዋል፣ ጋሼ። የተሳሳተው ፕሮግራሙ ነው። አርባ ሰከንድ መልስ ሳያስገባ የቆየ ሁሉ አላወቀም ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ሰብሳቢው እስክሪብቶውን ከቅጹ ላይ አነሱ። እሷ ወንበር ስባ አናጺው አጠገብ ተቀመጠች፤ ላፕቶፗን ከፍታም ያንን የኮድ መስመር ትፈልግ ጀመር።

«ለማስተካከል ስንት ቀን ልስጥሽ?» አሏት ሰብሳቢው።

«እሳቸው አስልተው እስኪጨርሱ ይበቃኛል» አለች፣ ቀና ሳትል።