የተሰረዘው ዕዳ ግብር

ልብስ ሰፊዋ የሟች ወንድሟን ሳል የምትሰማው በጠራራ ፀሐይ፣ ሥራ በሥራ ሆና ነው። የስፌት መኪናዋ ገና ጸጥ ከማለቱ የሱቋ ደረጃ ላይ እህ፣ እህ ይላል። ወጥታ ታያለች፤ ማንም የለም። ከሞተ እኮ ስምንት ወሩ ነው።

ሳሉ አይደለም እንቅልፍ የነሳት። ቀብሩ ላይ አለመገኘቷ ነው።

ወንድምየው የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ መንገድ ላይ። የራሱን መኪና ልግዛ ብሎ ከባንክ ሲበደር እሷ ዋስ ሆና ፈረመችለት። መኪናው አልተገዛ፣ ብድሩ አልተከፈለ። ባንኩ እሷን መነዝነዝ ሲጀምር ወንድሟን አፋጠጠችው።

"ብሩን የት አደረስከው?"

"እጄ አልገባም እታለም። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ።"

"ታዲያ ጅብ በላው?"

ተነሥቶ ወጣ። እንዲህ የሚሸሽ ሰው እንግዲህ ምን ይባላል? ባሏ "ቁማርተኛ ነው፣ ሁለተኛ ደጃችንን እንዳይረግጥ!" አለ። አልረገጠም። ሞተ።

ባንኩ ከሟች የሚወርሰው አጣ። ከእሷም የሚያገኘው ያቺኑ አሮጌ የስፌት መኪናዋን ብቻ ነው፤ ሱቁ በባሏ ስም ነው። ቢቸግረው ዕዳውን ሰረዘው።

ተመስገን ብላ ሳትጨርስ ከግብር ቢሮ ደብዳቤ መጣ። የተሰረዘ ዕዳ እንደ ገቢ ይቆጠራል፣ ቀርበሽ ግብሩን ክፈይ ይላል።

"ሞቶም አይለቀኝም!" አለች። ያን ቀን ሳሉ ባሰበት።

ባሏ ሰፈሩ "ቋጠሮ" የሚለው ሰው ነው፤ አንድ ሳንቲም ከኪሱ ስትወጣ ሦስት ቀን ያመዋል። ያን ቀን ግን "እኔ እከፍልልሻለሁ፣ ምን ቢሮ ለቢሮ ያንከራትትሻል?" አላት። እንዲህ የሚሳሳላት አይመስላትም ነበር። እንባዋ መጣ።

"አይሆንም፣ ያልበላሁትን አልከፍልም" አለችና ተነሣች።

"ብቻሽንማ አትሄጂም" ብሎ ተከተላት።

ወረፋው ላይ ከኋላዋ አንድ ሰው ሳለ። ዞር አላለችም።

መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ደብዳቤውን አየችና "እትዬ፣ ዋስ ስለሆኑ ብቻ ግብር የለብዎትም" አለቻት። "ባንክ የሚጠይቀው ማን ፈረመ ብሎ ነው። እኛ የምንጠይቀው ብሩን ማን ወሰደ ብለን ነው።"

"ወንድሜ ነዋ። ነፍሱን ይማረውና።"

"እስቲ፣ ባንኩ ማስረጃውን ልኮልናል።"

"ኧረ ተይው የኔ ልጅ!" አለ ባልየው፣ ቦርሳውን እያወጣ። "እንክፈልና እንገላገል። የሞተ ሰው ስም ማንሳት ምን ይሠራል?"

ልጅቷ ወረቀቱን ገለበጠች። "ሟች አልተቀበሉም" አለች። "መንገድ ላይ ስለነበሩ ብሩ በውክልና ነው የወጣው።"

ከሥሩ የተያያዘውን የተቀባዩን መታወቂያ ኮፒ አየች። ቀና ብላ ባልየውን አየች። ደግማ ኮፒውን አየች።

"እትዬ፣ እርስዎ ይሂዱ። ጋሼ ይቀመጡ፤ ግብሩ የሳቸው ነው።"